በቃሬዛ የወረድኩት ተራራ

ዛሬ ቀን ስምንት ሰዓት ገደማ ከሰርቦ በላይ ያሉ ሴቶች ለእኔ አልቅሰዋል። የማታምኑ አትመኑ። እኔ ራሴ ተጋድሜ እየሰማኋቸው አላመንኩም።

አልሞትኩም። ይህን አስቀድሜ ልጻፈው፤ ምክንያቱም ሰርቦ ላይ ወሬውን ከሰሙት መካከል ሁለቱ በርጩማ አዘውኛል። ሥራችሁ ይደርሳል።

ለማታውቁኝ፣ ኑሪ እባላለሁ። ጅማ፣ አወቱ መንደራ፣ በርጩማና አልጋ እሠራለሁ። ሃምሳ ስምንት ዓመቴ ነው። ፊደል የቆጠርኩት በአርባ አምስት ዓመቴ፣ በማታ ትምህርት ነው። ስለዚህ ብሳሳት ኮሜንት ላይ አትረባረቡብኝ። እናንተ የተማራችሁት ስትሳሳቱ እኔ ዝም ብዬ ነው የማልፈው።

ነገሩ የጀመረው በበርጩማ ነው።

ኪሩቤል የሚባል ወጣት የባንክ ሠራተኛ በርጩማ ሊያሠራ መጣና እንጨት ስመርጥለት "ፋዘር፣ እሁድ ሀይኪንግ አለን" አለኝ።

"ምንድን ነው እሱ?"

"ተራራ መውጣት።"

"ከዚያስ?"

"ከዚያማ እንወርዳለን።"

ሰው ጋራ የሚወጣው ለእንጨት ነው፣ ለማር ነው፣ ለጠፋ በሬ ነው። እኔ የማውቀው ይህንን ነው። እነዚህ ግን ውሃ ተሸክመው ይወጣሉ፣ ፎቶ ተሸክመው ይወርዳሉ። ደግሞ ግሩፕ አላቸው። ቲሸርትም አሳትመዋል።

"የቱ ተራራ?" አልኩት።

"ቱሉ ኦብሳ። ሰው ብዙ አያውቀውም።"

ሰው ማለት እንግዲህ እነሱ ናቸው። እኔ ለዋንዛ እንጨት ስንት ጊዜ ወጥቼበታለሁ፤ ያኔ ሰው አልነበርኩም ማለት ነው።

"እሱን ጋራ እኔ በአንድ እግሬ እወጣዋለሁ" አልኩት።

ልጁ ሳቀና ስሜን ስልኩ ላይ መዘገበ። አፌ እንደዚህ ነው፤ ከእኔ ቀድሞ ይሄዳል።

ከሄደ በኋላ ነው ትዝ ያለኝ። የቱሉ ኦብሳ መንገድ በተማም ደጅ ነው የሚያልፈው።

ተማም ማን ነው? እሺ፣ ልንገራችሁ፤ ያለሱ ነገሩ አይገባችሁም።

ተማም ጓደኛዬ ነበር። ከሥራ ቤቴ ጎን ሱቅ ነበረው። እኔ ያኔ ጭልጥ ያልኩ መሃይም ነኝ። የቀበሌ ደብዳቤ፣ የውል ወረቀት፣ የመድኃኒት ካርቶን፣ የሚያነብልኝ እሱ ነው። ሃያ ዓመት ዓይኔ እሱ ነበር ብል ውሸት አይደለም።

የዛሬ አስራ አራት ዓመት ከእናቴ አገር ከጌራ፣ በአውቶቡስ ተሳፋሪ እጅ ደብዳቤ መጣልኝ። ያኔ እዚያ ኔትወርክ የለም። ለተማም ሰጠሁት። ገልጦ አየው። ጉሮሮውን ጠረገ። አነበበልኝ።

ሁሉም ደህና ነው። እናትህ ሰላም ብላሃለች። ዝናቡም ዘንድሮ ጥሩ ነው።

ደስ አለኝ። ደብዳቤውን ደረት ኪሴ ከትቼ ዋልኩ። ለደንበኛው ሁሉ እያወጣሁ አሳየሁ። እያንጎራጎርኩ አልጋ ስጠርብ ዋልኩ።

በማግስቱ ጎህ ሲቀድ ተማም አምስት ሽማግሌ አስከትሎ በሬን አንኳኳ።

እናቴ ሞታለች። ደብዳቤው የሚለው ያንን ነበር።

መርዶ እንደዚያ እንደሚነገር አውቃለሁ። ሰው ሥራ ላይ ቆሞ፣ እጁ ላይ መጥረቢያ ይዞ፣ በቀትር አይረዳም። በማለዳ ነው፣ በሽማግሌ ነው፣ ቤቱ ተቀምጦ ነው። ተማም ወጉን ነው የጠበቀው። አገር ምድሩ እንዲህ አለኝ። ሚስቴ ዘይነባም አለችኝ።

ልክ ናቸው። የእናቴን ሞት ደረት ኪሴ ይዤ ሳንጎራጉር የዋልኩት ግን እኔ ነኝ፣ እነሱ አይደሉም።

የማታ ትምህርት የገባሁት ከዚያ በኋላ ነው። ለእውቀት እንዳይመስላችሁ። ለእልህ ነው።

ለተማም ደግሞ "ይቅርታ እስክትለኝ አላናግርህም፤ ወላሂ መሬትህን አልረግጥም" አልኩት።

"ምን አጠፋሁና ነው ይቅርታ የምልህ?" አለ።

በዚያው ቀረ። ሱቁን ትቶ ከሰርቦ በላይ የአባቱ ቡና መሬት ላይ ገባ። አስራ አራት ዓመት ሙሉ እኔ የእሱን ይቅርታ እጠብቃለሁ፣ እሱ ምን እንደሚጠብቅ አላህ ያውቃል።

ስለዚህ ልቀር ነበር። ከዚያ አሰብኩት። መንገዱ የመንግሥት ነው፣ አጥሩ ነው የእሱ። ማለፍ እችላለሁ። እንዲያውም ይየኝ አልኩ። ቀጥ ብዬ፣ ከወጣት ጋር እየሳቅኩ፣ ደጁን ሳልፍ ይየኝ። ማንም እንደማያስፈልገኝ በዓይኑ ይየው።

ይኸው ነው። ለተራራው ብዬ አይደለም የሄድኩት። ለዚያች አንድ ደቂቃ ነው።

ዛሬ ጠዋት አስራ አራት ሆነን በሚኒባስ ሰርቦ ወረድን። ልጆቹ መጀመሪያ ዋርም አፕ ሠሩ። አስፋልት ዳር እየዘለሉ። ለገበያ የሚያልፉ ሴቶች ቆመው አዩን። እኔ የማላውቃቸው መስዬ ወደ ባጃጆቹ ዞር አልኩ።

የሃያ አራት ዓመት ጎረምሳ በሁለት የብረት ምርኩዝ ሲሄድ አይቼ አላውቅም። አያቴ በሰማንያ ዓመታቸው የያዙት አንድ ነበር።

የተማም ደጅ ደረስን። ደረቴን ነፋሁ። ኪሩቤልን ትከሻው ላይ መታ አደረግኩና ምንም ሳይናገር ሳቅኩለት። በደንብ ነው የሳቅኩት።

ተማም የለም። በሩ ዝግ ነው። ውሻው ብቻ አጥር ሥር ተኝቶ አንድ ጆሮውን አነሳ፣ መልሶ አስተኛው።

የአስራ አራት ዓመት ሳቅ ለውሻ ወጣ።

ልጁ ግራ ገብቶት "ፋዘር፣ ደህና ነዎት?" አለኝ።

"ውጣ ወደ ላይ" አልኩት።

ወጣን። ሦስት ሰዓት ፈጀ። በእርግጥ እኔ ቀድሜያቸዋለሁ፤ ይህንን ማንም አይወስድብኝም። ጫፉ ላይ ሆናችሁ ስታዩ የሰርቦ ቆርቆሮ ከታች ያብለጨልጫል፣ ወደ ሰኮሩ የሚሄደው መንገድ እንደ ክር ይታያል፣ ቡናው በጥላ ዛፎቹ ሥር ተደብቆ ደን ይመስላል። ጅማ በጭጋጉ ውስጥ ናት። ጥሩ ነው። ከዚህ በላይ አልልም።

ደግሞ ኔትወርክ አለ። ልጆቹ ያን ሁሉ ደክመው ወጥተው ሁሉም አንገታቸውን ደፍተው ስልክ ማየት ጀመሩ።

ኪሩቤል ቪዲዮ እየቀረጸኝ "ፋዘር፣ ፊሊንግዎን በአንድ ቃል?" አለኝ።

"ራበኝ።"

ይህን ፖስት አድርጎታል። እስካሁን ከእኔ ፖስት ሁሉ የበለጠ ላይክ አግኝቷል።

ስንወርድ ነው ነገሩ የመጣው። ትናንት ዘንቦ ነበር፣ መሬቱ ሳሙና ነው። አንዷ ልጅ ከኋላዬ "ቀስ ይበሉ አባባ" አለችኝ።

"ቀስ ማለት ለእናንተ ነው" አልኳት።

ከዚያ በኋላ ሦስት እርምጃ ሄጃለሁ። ሦስት።

እግሬ የዛፍ ሥር ውስጥ ገባ፣ ባቴ ተኮማትሮ ድንጋይ ሆነ፣ በመቀመጫዬ እስከ ቡናው ድረስ ተንሸራተትኩ። ቁርጭምጭሚቴ የተሰበረ መሰለኝ። እንደ ሰው አልጮህኩም፣ እንደ በግ ነው።

ልጆቹ ከበቡኝ። አንዷ ስፕሬይ ነፋችብኝ። አንዱ ጎግል አደረገኝ። ኪሩቤል አምቡላንስ አለ። በየት በኩል እንደሚመጣ ግን ማንም አልነገረውም።

ቡና ሲለቅሙ የነበሩ ሰዎች ጩኸቴን ሰምተው መጡ። እነሱ ምንም አልጠየቁም። አንዱ ብቻ "ቃሬዛ" አለ፣ ሌላው ሮጠ።

ቃሬዛ በእኛ አገር እንዲህ ነው። ካየኸው ትሸከማለህ። የተሸከሙት ይደክማሉ፣ መንገድ ላይ ያገኛቸው ይቀበላል፣ የፊተኞቹ ወደ ሥራቸው ይመለሳሉ። እስከ መኪና መንገድ እንዲህ እየተቀባበሉ ያደርሱሃል። እኔም ስንቱን ተሸክሜያለሁ። ተኝቼበት ግን አላውቅም ነበር።

በባለሙያ ዓይን አየሁት። ሁለት ባሕር ዛፍ፣ ገና እርጥብ፣ በገመድ የተጠላለፈ። አንዱ እንጨት ከአንዱ በአንድ ጣት ይወፍራል።

"ይሄ ያዘምማል" አልኳቸው።

"ኦቦ፣ ይተኙ" አሉኝ።

ተኛሁ። ኪሩቤልና ልጆቹ "ባጃጅ ይዘን ሰርቦ እንጠብቅዎታለን" ብለው ወደ ፊት ሮጡ። ተሸካሚዎቹ ፀሐይ ነው ብለው ጋቢ አለበሱኝ።

እስከዚህ ምንም አላጠፋሁም።

የተማም ደጅ ሲቃረብ ነው ያጠፋሁት። ጠዋት ቀጥ ብዬ ያለፍኩበትን በር ከሰዓት በጀርባዬ ተኝቼ ላልፈው ነው። ውሻው እንኳ ሊያየኝ አይገባም አልኩ። ጋቢውን ሳብ አድርጌ ፊቴን ሸፈንኩ።

ፊቱ የተሸፈነ ሰው ቃሬዛ ላይ ምን እንደሆነ ታውቃላችሁ። እኔም አውቃለሁ። ያን ጊዜ ግን አላሰብኩትም።

የመጀመሪያዎቹ አራት ተሸካሚዎች እግሬ እንደሆነ ያውቁ ነበር። ለሁለተኞቹ "እግሩ ነው" አሉ። ሁለተኞቹ ለሦስተኞቹ "ከጋራው ወድቆ ነው" አሉ። ሦስተኞቹ ለአራተኞቹ "ከጎረምሶች ጋር የመጣ በርጩማ ሠሪ ነው አሉ፣ ከአወቱ መንደራ" ብቻ ብለው አስረከቡኝ።

አንዲት ሴት ከጓሮ ብቅ ብላ "ኤኙ ዳ? ዱኤ?" ብላ ጠየቀች። ማነው፣ ሞተ ወይ፣ ማለቷ ነው።

"ፊቱን አታዪም?" አላት አንዱ።

ለቅሶ ጀመረች። ከላይ ቤት ሌላዋ ተቀበለቻት። ከማዶ ሦስተኛዋ። እኔን ሳያውቁ እንዴት እንዳለቀሱልኝ ብትሰሙ፤ የሚያውቁኝ እንዲህ እንደማያለቅሱ እርግጠኛ ነኝ።

ተሸካሚዎቹ "ኢና ሊላሂ" አሉ። ከዚያ እርምጃቸው ፈጠነ። ጀናዛ ይፈጥናል፣ ሬሳ ቶሎ ይቀበራልና፤ በሽተኛ ግን በዝግታ ነው የሚሄደው። በፍጥነቱ ነው መሞቴን ያወቅኩት።

አሁን "ለምን አልተናገርክም?" ትሉኛላችሁ።

ደጁን እንለፍና እናገራለሁ ብዬ ነው። ትንሽ ነው የቀረው። አሁን ብናገር ይገልጡኛል፣ ሰው ይሰበሰባል፣ ተማም ይወጣል። አንድ መታጠፊያ ብቻ።

ደግሞ ያልነገርኳችሁ አለ። እግሬ ድኗል። ባቴ ከተፈታ ቆይቷል፣ ቁርጭምጭሚቴም ምንም አልነበረውም። ተነስቼ መሄድ እችል ነበር።

ደጁን አለፍን። አፌን ልከፍት ስል ከታች ከሰርቦ በኩል ድምፅ መጣ።

"ቁሙ፣ ልቀበል።"

ተማም ነው።

በራስጌዬ በቀኝ በኩል ትከሻውን አስገባ። ትንፋሹ ጆሮዬ ላይ ነው። እንደገና መሄድ ስንጀምር ነው የጠየቀው።

"ማነው?"

"የጅማ ሰው ነው አሉ። ከጎረምሶች ጋር ጋራ ሊወጣ መጥቶ።"

"ይህ ደግሞ ምን ያወጣዋል?"

"እንጃ። በርጩማ ሠሪ ነው አሉ፣ ከአወቱ መንደራ።"

የእግራቸውን ድምፅ ቆጠርኩ፤ ተማም እንደገና የጠየቀው በአስራ ሰባተኛው እርምጃ ነው።

"ለሚስቱ ተደውሏል?"

"እንጃ፣ ኦቦ ተማም።"

"ማንም እንዳይደውል። ዘይነባ ዛሬን ትብላ። ዛሬን ትተኛ። ጠዋት እኔ ራሴ ሽማግሌ ይዤ እሄዳለሁ።" ትንሽ ሄደና ለእነሱ ይሁን ለራሱ እንጃ፣ "ለእሱም አንድ ቀን ነበር የጨመርኩለት። እናቱ ያለችበትን አንድ ቀን" አለ።

እኔ አስራ አራት ዓመት ያን ቀን የተሰረቅኩት ቀን ነው ብዬ ነው የምቆጥረው። ጨመርኩለት ነው ያለው።

ከታች የሚመጣ ጎልማሳ አገኘን። "ኦቦ ተማም፣ ይስጡኝ፣ ልቀበልዎት" አለው።

"ተው።"

"ደክሞዎታል እኮ።"

"ተው አልኩህ፣ ይሄን አልሰጥም።"

ስድሳ አምስት ዓመቱ ነው። ትንፋሹ ያፏጫል። እኔ ጤነኛ እግሬን ዘርግቼ ተኝቻለሁ። ሰላምታ የሚያህል ነገር ፈርቼ አንድ ሽማግሌ አቀበት ቁልቁለቱን ተሸክሞኝ እየሄደ ነው። ዛሬ ተዋረድኩ የምላችሁ ይህንን ነው። መንሸራተቱን አይደለም፣ ለቅሶውን አይደለም።

ጋቢውን ገለጥኩና ቀና አልኩ።

"ተማም፣ አልሞትኩም።"

ሦስቱ ሮጡ። እንዴት እንደሮጡ ልነግራችሁ አልችልም፣ ጀርባቸውን ነው ያየሁት። አንዱ አዛን እያለ ነው የሮጠው።

ተማም አልለቀቀም። እንጨቱን እንደያዘ ቀረ። አንድ ሰው ብቻ የያዘው ቃሬዛ ደግሞ ምን እንደሚሆን እኔ በሙያዬ ልነግራችሁ እችላለሁ። ይገለበጣል። ቦዩ ውስጥ ገባሁ፣ ያ ደህና የነበረው ቁርጭምጭሚቴ ከእኔ ሥር ገባ። ቀጭ ሲል ሰማሁት።

ተማም ቦዩ ዳር ቆሞ አየኝ።

"ሞተሃል አሉኝ።"

"አልሞትኩም።"

"አየሁ።"

እንጨቱን መሬት ላይ አስቀመጠ። ትከሻውን አሻሸ።

"ከብደሃል" አለኝ።

"ማን ተሸከም አለህ?"

"ቃሬዛ ነው። ማን እንዳለበት ይጠየቃል እንዴ?"

ከቦዩ ልወጣ ሞከርኩ፣ እግሬ እምቢ አለ።

"ቤት ግባ፣ እግርህ ይታይ" አለኝ።

"ምያለሁ። መሬትህን አልረግጥም።"

"ማን እርገጥ አለህ?" አለና ወደ ቡናው ዞሮ ተጣራ። "እናንተ፣ ኑ ውጡ። ጀናዛው ቤት ይገባል።"

መጡ፣ እየተጠራጠሩ። አንዱ መጀመሪያ በእንጨት ነካ አደረገኝ።

እናም ይኸው፣ ይህን የምጽፍላችሁ ከተማም በረንዳ ላይ ሆኜ ነው። ስሚንቶ ነው፣ እግሬም በርጩማ ላይ ነው ያለው፣ ስለዚህ እስካሁን መሬቱን አልረገጥኩም። በርጩማው የእኔ ሥራ አይደለም፣ ያስታውቃል። ቁርጭምጭሚቴ ፓፓያ አክሏል።

ዘይነባ ጋ ደወልኩ። ከእኔ ቀድሞ አንድ አዛኝ ሰው "ሞቷል" ብሎ ደውሎላታል።

"አላመንኩም" አለችኝ።

"ለምን?"

"አንተ ሰው ሳታስቸግር አትሞትም።"

"አሁንም አስቸግሬያለሁ።"

"የት ነህ?"

"ተማም ቤት።"

የሆነ ነገር መክተፍ ስትጀምር ሰማሁ። "እሺ፣ አትቸኩል" ብላ ዘጋችው።

ኪሩቤልም ደወለ። ባጃጅ ይዘው እየጠበቁ ነው፣ ሰርቦ ላይ የሬሳ ወሬ ሰምተው ሁለቱ ልጆች አልቅሰዋል። በሚቀጥለው ወር ሌላ ተራራ አለ አለኝ፤ ስሙን ሳልሰማ ዘጋሁበት።

ተማም ይቅርታ አላለኝም። እኔም አላልኩትም። ስለ ደብዳቤው አንድም ቃል አልተነሳም። ስለ ቡናው ነገረኝ፣ ስለ ጉልበቱ ነገረኝ። እኔ ቃሬዛው በምን እንጨት መሠራት እንዳለበት ነገርኩት። ሚስቱ ቅመም ያለው ሻይ እየደጋገመች ቀዳችልኝ። ሦስት ብርጭቆ ጠጣሁ።

ችግሩ ሻዩ ነው።

ሽንት ቤቱ ጓሮ ነው። ቡና የተሰጣበትን አልጋ አልፎ፣ ሃያ እርምጃ ይሆናል። ሁሉም አፈር ነው።

ተማም ወደ ጓሮው ስመለከት አየኝና ገባው። "ሦስቱን ልጥራቸው?" አለ።

"ተወኝ።"

"እንግዲያ ና" አለና ከበረንዳው ወርዶ አፈሩ ላይ ቆሞ ትከሻውን አዘጋጅቷል። ያንኑ ቃሬዛውን የተሸከመበትን።

መሃላዬን ለማፍረሴ ሦስት ቀን እጾማለሁ፣ ሌላ ምን አደርጋለሁ። ስልኩን ላስቀምጥ ነው፣ ሰውየው ቆሟል። ብቻ አንድ ነገር ንገሩኝ፦ የአስራ አራት ዓመት ኩርፊያ በሦስት ብርጭቆ ሻይ አለቀ ተብሎ ለሰው እንዴት ይወራል?